ውሻዬን ዴይኬር ላስገባው ወይስ እኔው አብጃለሁ?

ሰላም_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። መሳቅ ይቻላል፣ እኔም ስቄያለሁ።

ሽሮ የሚባል ውሻ አለኝ። ስሙ የወጣለት በቀለሙ ነው። ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። በአምስት ወሩ ከመጠለያ አመጣሁት። ዘሩን እነሱም አያውቁት፣ እኔም አላውቀው፤ 21 ኪሎ ይመዝናል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ በሳምንት ሦስት ቀን የ12 ሰዓት ፈረቃ። መንገዱ ሲጨመር 13 ተኩል ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ አንዲት ልጅ መጥታ 20 ደቂቃ ታንሸራሽረዋለች። ከዚያ ውጪ ብቻውን ነው።

ባለፈው ሳምንት በበሩ ስር ወረቀት ገብቶ አገኘሁ። ጎረቤቴ ናት፣ ጡረታ የወጣች ሴትዮ። "ውሻሽ ቀኑን ሙሉ ያላዝናል፣ ያመመው መስሎኝ ተጨነቅሁ" ትላለች። አፈርኩ። በማግስቱ አሮጌ ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ ትቼው ወጣሁ። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላኝ ጀመረ። ሰምቼ መጨረስ አልቻልኩም። ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው።

ሌላም አለ። ስላይጎ ክሪክ መንገድ ላይ ሌላ ውሻ ካየ አለቀልኝ። ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ክንዴን ሊነቅለው ይደርሳል። ሰው ልጁን ከፊቴ ያሸሻል። ተናካሽ አይደለም፣ ግን ማን ያምነኛል?

የሥራ ባልደረባዬ የውሻ ዴይኬር (ቀን ቀን ውሻ የሚውልበት ማቆያ) አስገቢው አለችኝ። ደውዬ ጠየቅሁ፦ በቀን 42 ዶላር። ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ እናቴ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ውሻ ቤት ውስጥ እንደሚያድር ገና አልነገርኳትም። ዴይኬር እንደሚውል ከሰማች በቀጥታ ጠበል ነው የምትወስደኝ።

መሮጡንና መድከሙን አይደለም የምጠይቀው፤ እሱን እኔም አስሮጠዋለሁ። ከሌሎች ውሾች ጋር መዋሉ እውነት ፀባዩን ያስተካክለዋል? የሞከራችሁ ንገሩኝ።


የመቻል_ጌታ
እህቴ አትቀየሚኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት። ቤታችን መቻል የሚባል ውሻ ነበረን። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። የተረፈ እንጀራ እየበላ 11 ዓመት ኖረ። ማንም ፀባዩን ላስተካክል አላለም፣ ፀባዩ ግን ከብዙ ሰው ይሻል ነበር።

አሜሪካ 28 ዓመቴ ነው። ታክሲ ስነዳ ያላየሁት የለም። አንዷ ውሻዋን በሕፃን ጋሪ እየገፋች መጣች። እግር አለው እኮ! 42 ዶላር በቀን? እኔ ሦስት ልጅ ሳሳድግ ለማቆያ አልከፈልኩም፤ እናታቸው ማታ እኔ ቀን እየተፈራረቅን ነው ያሳደግናቸው። ቆጣ በይው፣ ይለምዳል።


ጭራ_ቆሊ
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መቻል ማታ ሲፈታ የት ነበር የሚሄደው?


የመቻል_ጌታ
የት ይሄዳል፣ አጥር ዘሎ ይወጣል። የሰፈሩ ውሾች ወፍጮ ቤቱ ጋ ይሰበሰቡ ነበር። የጎረቤታችን አንድ ጥቁር ውሻ ነበር፣ ከእሱ ጋር አይለያዩም። ጅብ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ነው የሚያባርሩት። ሲነጋ በራችን ላይ ተኝቶ እናገኘዋለን። ምነው?


ጭራ_ቆሊ
እሱ ነዋ ዴይኬሩ ጋሼ። በነፃ ነበር ያገኘው።

አሁን ወደ ሰላም ልመለስ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ የውሻ ዴይኬር ውስጥ ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። ለቤት ኪራይ ብዬ ነው የገባሁት። ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኝ ፓስተር ተመላልሼ የተወጋሁ ሰው ነኝ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ግድግዳ ተደግፌ ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ የውሻ ፍቅር አሳብዷት ነው እንዳትሉኝ።

ሰው ውሻውን ሲያመጣ "ደክሞ ይመለስልኝ" ይላል። ድካም ትንሹ ጥቅም ነው። ትልቁ ቋንቋው ነው። ውሻ የውሻን ቋንቋ ግማሹን ይዞት ይወለዳል፣ ግማሹን ከእናቱና አብረውት ከተወለዱት ይማረዋል። አንዱ ቡችላ አጥብቆ ይነክሳል፣ ሌላው ጮኾ ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል። የነከሰው ብቻውን ይቀራል። እንዲህ እያለ ጥርሱን መመጠን ይለምዳል። ትምህርቱ ሳያልቅ እኛ እንወስደውና አፓርታማ እናስገባዋለን። ከዚያ በኋላ የሚያያቸው ውሾች በሙሉ በማሰሪያ የተያዙ ናቸው።

ማሰሪያ ደግሞ ነገር ያበላሻል። ነፃ የሆኑ ሁለት ውሾች ፊት ለፊት አይገጥሙም። ጎን ጎን ይላሉ፣ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ ከኋላ ይሸታተታሉ። እኛ ግን በጠባብ መንገድ ፊት ለፊት ጎትተን ዓይን ለዓይን እናገናኛቸዋለን። በእነሱ ቤት ይሄ ነውር ነው። ሽሮ የሚጮኸው ጠብ ፈልጎ ላይሆን ይችላል። መሄድ ፈልጎ ስለሚያዝ ተናዶም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉትን በየሳምንቱ አያለሁ። በር ላይ አንበሳ፣ ማሰሪያው ሲፈታ በግ።

ውስጥ ገብተሽ ብታያቸው ትገረሚያለሽ። ጨዋታ የፈለገ ውሻ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ያስነካል፣ ቂጡን ወደ ላይ ያቆማል። ይሰግዳል በይው። "ከዚህ በኋላ የማደርገው ሁሉ ቀልድ ነው" ማለቱ ነው። ማርክ ቤኮፍ የሚባሉ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይህንን ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ፣ ውሾች ይህን ስግደት ዝም ብለው እንደማይበትኑት ነው። ለጠብ ሊመስል የሚችል ንክሻ ከመንከሳቸው በፊት ወይም ከነከሱ በኋላ ያደርጉታል። እኛ "ስቀልድ ነው እኮ" እንደምንለው።

ትልቁ ለትንሹ ሲል ሆን ብሎ ይወድቃል። አባራሪው ተራውን ጠብቆ ተባራሪ ይሆናል። አንዱ ሲበዛበት ፊቱን ያዞራል፣ ወይም ውሃ እንደነካው ሰውነቱን ያራግፋል፤ ሌላው ገብቶት ይተወዋል። ይህን ማንበብ የማይችል ውሻ ነው ጠብ የሚያስነሳው። ማንበብ የሚማረው ደግሞ ከውሻ እንጂ ከእኔና ካንቺ አይደለም።

ጭራ የቆላ ሁሉ ደስ ብሎታል ማለትም አይደለም፤ የመድረክ ስሜን ያወጣሁት በዚህ ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጣሊያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ውሻ ባለቤቱን ሲያይ ጭራው ወደ ቀኙ አመዝኖ ይቆላል፣ የማያውቀውን ኃይለኛ ውሻ ሲያይ ወደ ግራው። አሁን ሥራ ላይ ቆሜ ጭራ ስመለከት ነው የምውለው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መደበኛ መሆኑ ነው። ዶግ ፓርክ (ውሻ ተፈትቶ የሚጫወትበት መናፈሻ) እንደ መርካቶ ነው፤ ማን እንደሚመጣ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ አታውቂም። ጥሩ ዴይኬር እንደ ቡና ጎረቤት ነው። የማክሰኞ ውሾች የማክሰኞ ጓደኛ አላቸው። አንዲት ፈሪ ውሻ ነበረችን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአግዳሚ ወንበር ስር አልወጣችም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ላብራዶር ሄዶ አጠገቧ ተኛ። ምንም አላደረገም፣ ተኛ ብቻ። በሳምንቱ ተከትላው ወጣች። በየቀኑ አዲስ ውሻ ብታይ ኖሮ እስካሁን እዚያው ወንበር ስር ነበረች።


ነገሩን_አየሁት
ሌላውንም ወገን ስሚ። ዳላስ ነው ያለሁት። የእኔዋን ዴይኬር አስገባኋት። ስገባ ሁሉም ያበራል፣ ግድግዳው ላይ የውሾች ፎቶ፣ ሽታ የለም። በካሜራ ማየት ይቻላል ብለውኝ ስለነበር አንድ ቀን ሥራ ቦታ ከፈትኩት። ከ30 በላይ ውሾች አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ጥግ ላይ ቆማ ስልኳን ታያለች። የእኔዋ ግድግዳው ስር ተጣብቃለች፣ ሦስት ውሾች ከበዋታል።

በወሩ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻ ትመጣ ጀመር። ድሮ ውሻ ስታይ ጭራዋን የምትቆላው አሁን ጥርሷን ታሳያለች። ገንዘቤን ከፍዬ ውሻዬን አስፈራሁ። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከእኔ ጋር መሆን ይበቃታል። ሁሉም ሰው ሠርግ አይወድም፣ ውሻም እንደዚያው።


ጭራ_ቆሊ
ትክክል ነህ። ድካም ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም ልል የነበረውም ይሄንኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ያለ እረፍት የተረበሸ ውሻ ማታ ዘጭ ብሎ ይተኛል፣ ባለቤቱም "ሲጫወት ውሎ ነው" ይላል። አንዳንዴ ሲፈራ ውሎ ነው።

ሰላም፣ ስትጠይቂ ቀለሙንና ሶፋውን አትይ። ለአንድ ሠራተኛ ስንት ውሻ እንደሆነ ጠይቂ። እኛ ጋ 10 ገደማ ነው፣ ከ15 ሲያልፍ እኔ ራሴ ይጨንቀኛል። ውሾቹን በምን እንደሚለዩአቸው ጠይቂ፤ በክብደት ብቻ ካሉሽ ጥርጣሬ ይግባሽ። አንዱ መሮጥ ነው የሚወደው፣ ሌላው ትግል፣ ሌላው ዝም ብሎ ከሰው ጋር መቀመጥ። ያ ካልተለየ ክብደቱ አይጠቅምም። እኩለ ቀን ላይ መብራት ቀንሰው ያስተኟቸዋል? ሙሉ ሰው የሆነ ውሻ (ይቅርታ፣ አባባሉ መጣልኝ) ከ24 ሰዓት ውስጥ 12 ወይም 14 ሰዓት ይተኛል። የማያስተኛ ቤት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ጠብ አይቀርም።

ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ፈተና የማይፈትን ቤት ከሆነ ጥለሽ ውጪ። እኛ አዲስ ውሻ ሲመጣ በአንድ ረጋ ባለ ውሻ ነው የምንጀምረው። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። "የእናንተ ውሻ እዚህ ደስተኛ አይሆንም" ብለን የምንመልሳቸው ብዙ ናቸው። ባለቤቶቹ ልጃቸው ፈተና የወደቀ ይመስል ይቆጣሉ።


ሐኪሟ_ከቢሾፍቱ
ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው፣ አሁን ዴንቨር ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር።

ሰላም፣ ሽሮ በአምስት ወሩ ነው የመጣው ብለሻል። ቡችላ ሰውን፣ ውሻን፣ ድምፅን ያለ ፍርሃት የሚለምድበት ጊዜ አጭር ነው። ከሦስት ሳምንት ዕድሜ እስከ ሦስት ወር ግድም፣ ትንሽ ከተረፈ 14 ሳምንት። ይህ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ባር ሃርበር፣ ሜይን ውስጥ ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለዓመታት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትመውታል። ሽሮ ያን ጊዜ የት እንዳሳለፈው አናውቅም። በሩ ተዘግቷል ማለት ግን አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ አትቸኩዪ። ሳምንቱን ሙሉ አትውሰጂው። በግማሽ ቀን ጀምሪ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀን።

ማላዘኑን በተመለከተ አንድ ነገር ሞክሪ። አንድ ቀን ስትወጪ ጓደኛሽ ቤት ትቀመጥ። ሽሮ ከእሷ ጋር ጸጥ ካለ፣ ችግሩ ብቸኝነት ነው፤ ዴይኬር በደንብ ይረዳዋል። እሷም እያለች ካላዘነ ግን የሚፈልገው አንቺን ነው። ያኔ ዴይኬር ቀኑን ያሻግርልሻል እንጂ ሕመሙን አያድነውም። ጎን ለጎን ብቻውን መቆየት ማስለመድ አለብሽ፦ አንድ ደቂቃ ወጥቶ መመለስ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አምስት። አሰልቺ ነው። ግን ይሠራል። ጋሼ ቆጣ በይው ያሉትን ግን ተይው፤ በፍርሃት የሚጮኽን ብትቆጪው ፍርሃቱ ይብሳል።

ክትባት አትርሺ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አራት ወር ለሞላው ውሻ በሕግ ግዴታ ነው። ዴይኬሮች ከዚያ ሌላ የውሻ ሳል ክትባትም ይጠይቃሉ። ሳሉ ሲሰማ ዝይ የምትጮህ ነው የሚመስለው፣ አንዱ ከያዘው ክፍሉን ሙሉ ያዳርሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቺካጎ አካባቢ የውሻ ጉንፋን ገብቶ ከአንድ ሺህ በላይ ውሾች ታመው ነበር። አብሮ መዋል በነፃ አይመጣም። ክትባት የማይጠይቅሽ ዴይኬር ካገኘሽ፣ ሌሎቹንም አልጠየቀም ማለት ነው።


ከሮቤ_ባሌ
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ይቅርታ። የሮቤ ልጅ ነኝ፣ ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሐኪሟ ስለ ክትባት ስታነሳ ትዝ አለኝ።

ቀይ ቀበሮ አደን ብቻውን ነው የሚወጣው። ቀኑን ሙሉ ፍልፈልና አይጥ ሲያደባ ይውላል። ማለዳና ማታ ግን ቤተሰቡ ይሰበሰባል። የነበረውን ጩኸትና መላላስ ብታዩ፣ ዓመት የተለያዩ ነው የሚመስሉት። ከዚያ አብረው ድንበራቸውን ይዞራሉ፣ ግልገሎቹንም በጋራ ያሳድጋሉ። ሰው "ብቻውን ያድናልና ብቸኛ ነው" ይላል፤ ስህተት ነው። ሥራው ብቻውን ነው እንጂ ኑሮው የጋራ ነው። ሽሮን ሳስበው ሥራም የለው፣ ኑሮም የለው፣ መጠበቅ ብቻ።

ክትባቱ ጋ ያለው ነገር ደግሞ፣ እነዚያን ቀበሮዎች የጨረሳቸው ከእኛው ውሾች የተጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 በጅምላ አለቁ። አሁን ትልልቆቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ለዚህ ነው የባሌ ገበሬ ውሻ በዘመቻ የሚከተበው። እሺ፣ ወደ ጉዳያችሁ ተመለሱ።


ስቶክሆልም_ነኝ
ኧረ እንዲህ ያለ መውጣት ይብዛልን።

እኔ ስዊድን ነኝ። እዚህ "ሁንድዳጊስ" ይሉታል፣ የውሻ መዋያ ማለት ነው። ማንም አይስቅብሽም። ሕጉ ራሱ ውሻ ቀን ቀን ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ መውጣት አለበት ይላል። ስለዚህ ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው ወይ ጎረቤት፣ ወይ ዘመድ፣ ወይ መዋያ ያስፈልገዋል። መዋያውም ከአውራጃው አስተዳደር ፈቃድ ያወጣል። መጀመሪያ ስሰማ "ለውሻ ፈቃድ፣ እኛ ለመኖሪያ ፈቃድ ስንት ዓመት ጠብቀን!" ብዬ ነበር። አሁን ራሴ ውሻ አለኝ።

የእኔ ውሻ ዝም ብላ አረጀች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አትጫወትም፣ መሮጥም ተወች። ግን ረቡዕ ጠዋት ቦርሳውን ስይዝ በሩ ላይ ቀድማኝ ትቆማለች። እዚያ ሄዳ የምታደርገው አንድ ሽማግሌ ውሻ አጠገብ መተኛት ነው። በቃ፣ ይሄው ነው። እየከፈልክ ታስተኛለህ ይሉኛል። አዎ፣ ከጓደኛዋ ጋር እንድትተኛ እየከፈልኩ ነው።


ሰላም_ሲልቨር_ስፕሪንግ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የሐኪሟን ፈተና ሞከርኩ። ጓደኛዬ ሶፋ ላይ ተኝታ ድራማ ስታይ ዋለች። ሽሮ አንድም ጊዜ አላላዘነም፤ እንዲያውም ምሳዋን ከፍሎ በላ። ብቸኝነት ነው ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። እኔን የሚናፍቅ ነበር የመሰለኝ፣ ለካስ ማንም ቢሆን ይበቃዋል።

ሦስት ቦታ አየሁ። አንዱ ጋ ውስጡን ማየት አይቻልም አሉኝ፣ ወጣሁ። አንዱ ጋ እኩለ ቀን ላይ ያስተኛሉ ወይ ስላቸው ተሳሳቁ። ሦስተኛው ጠባብ ነው፣ ሽታም አለው፣ ግን ሴትዮዋ ስለ ሽሮ አርባ ደቂቃ ጠየቀችኝ። ምን ያስፈራዋል? ሲበላ ሲነኩት ምን ያደርጋል? ስልክ ስትይዢ ይቀናል ወይ? እኔን ራሱ እንዲህ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

የፈተናው ቀን ልቤ ሊወጣ ነበር። ከመስታወት ጀርባ ቆሜ ነው ያየሁት። መጀመሪያ አንዲት ቡናማ አሮጊት ውሻ አስገቡለት። እንደ መንገዱ ሊጮኽ አፉን ከፈተ። እሷ ፊቷን አዞረችና መሬት ማሽተት ጀመረች። አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ እሱም መሬት ማሽተት ጀመረ። ከመስታወቱ ጀርባ አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ።


ጭራ_ቆሊ
ፊቷን ያዞረችው "ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም" ስትለው ነው። እንደዚያች ያለች ውሻ ከአምስት ሠራተኛ ትበልጣለች፤ ደመወዝ ቢከፈላት ደስ ይለኛል።

ሌላ ነገር፦ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሲሄድ ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይሆን፣ ደርሶ ሲመጣ ምን እንደሚመስል እዪ። ውሃ ጠጥቶ፣ በልቶ፣ ተረጋግቶ ከተኛ ጥሩ። ውሃውን እንደ እሳት አደጋ ጨልጦ፣ ቤቱን ሲዞር ካመሸ በዝቶበታል ማለት ነው። ጠዋት በሩ ላይ እግሩን ተክሎ አልገባም ካለ ደግሞ ስሚው።


ሰላም_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ስድስት ሳምንት ሆነን፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ማክሰኞና ሐሙስ ነው የሚሄደው። ሦስተኛውን ፈረቃዬን ወደ ቅዳሜ አዞርኩት፣ ያን ቀን ጓደኛዬ ትይዝልኛለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ለውጥ አላየሁም፤ ገንዘቤን ውሃ በላው ብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስሙን የማይረሳ ጓደኛ አገኘ። ሴትዮዋ የነገረችኝ ነው። አንድ ጥቁርና ነጭ ውሻ ጠዋት ሲገባ ሽሮ መጫወቻ ይዞ በሩ ድረስ ሄዶ ይቀበለዋል። ማባረር ብቻ ነበር የሚወደው፣ አሁን መባረርም ለመደ አለችኝ። ጭራ_ቆሊ፣ አንቺን ነው ያስታወስኩት።

መንገድ ላይ አሁንም ይጮኻል። ልዋሽ አልችልም። ግን ድሮ ውሻው ከዓይኑ እስኪጠፋ ነበር፣ አሁን ሁለቴ ጮኾ ያየኛል። አንዳንዴ መሬት ማሽተት ይጀምራል። ከአሮጊቷ የተማረው ነው።

ያልጠበቅሁት ግን ሌላ ነው። ዴይኬሩ የሚዘጋው በሐበሻ አቆጣጠር ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው፣ እኔ የምወጣው 1 ተኩል። ወረቀት የጻፈችልኝን ጎረቤት አፍሬ አፍሬ ጠየቅኋት። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ እሷ ናት የምታመጣው። እንጀራ አቀምሳታለሁ፣ ኬክ ትጋግርልኛለች። አራት ዓመት ስሟን ሳላውቅ ነው አንድ ኮሪደር ላይ የኖርነው።

እናቴም መጣች። የመጀመሪያውን ሳምንት "ይሄ ውሻ" ነበር ስሙ። ጠዋት ዳዊት ስትደግም መኝታ ቤቷን ትዘጋለች፣ ጸጉሩ ነጠላዋ ላይ ካረፈ ታራግፋለች። ዴይኬር ይሄዳል ስላት ዝም ብላ አየችኝና "እዚያ ምን ያስተምሩታል?" አለች። ፀባይ አልኳት። "አንቺስ የት ሄደሽ ነው?" አለችኝ።

ትናንት ማክሰኞ እረፍት ስለነበርኩ አልወሰድኩትም። ሦስት ሰዓት ሲሆን እናቴ ከሶፋው ቀና ብላ "ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ? ጓደኛው አይጠብቀውም?" አለችኝ።


ሐኪሟ_ከቢሾፍቱ
እንኳን ደስ አለሽ። አንድ ማሳሰቢያ፦ እናትሽ ከወደዱት ማጉረስ ይጀምራሉ። የዶሮ ወጥ እንዳይሰጡት። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።


ሰላም_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ዘገየሽ እቴ። እሁድ ዕለት ከጠረጴዛው ስር ስታቀብለው ያዝኳት። አጥንት አልነበረውም፣ እንጀራ ብቻ ነበር ብላ ማለች። ለማንኛውም አሁን ደረቅ እንጀራ ብቻ ነው የተፈቀደው።


የመቻል_ጌታ
ሁሉንም አነበብኩት። 42 ዶላሩን አሁንም አልዋጥኩትም። የመቻልን ነገር ግን ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ለካስ እሱም ጓደኛ ነበረው አልኳት። ያ ጥቁሩ ውሻ በመኪና ሲሞት መቻል ስንት ቀን አልበላም ነበር፤ ያኔ ታመመ ነበር ያልነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውሻው ማክሰኞና ሐሙስ ከጓደኞቹ ጋር ይውላል። አንቺ ሥራ ነሽ። እናትሽ በእነዚያ ቀናት ከማን ጋር ነው የሚውሉት?


ሰላም_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ጋሼ።

ብቻዋን። ቴሌቪዥን ከፍታ።


የመቻል_ጌታ
ዊተን ነን፣ ከእናንተ 15 ደቂቃ። ባለቤቴ ሐሙስ ሐሙስ ቡና ታፈላለች፣ አራት አምስት እናቶች ይመጣሉ። ጠዋት መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ መኪናው እንደሆነ አለ። ሽሮ መዝጊያው ሰዓት ላይ ችግር ካለበት እሱንም አመጣዋለሁ፣ በረንዳ ላይ ይሆናል።


ሰላም_ሲልቨር_ስፕሪንግ
አድራሻውን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ ጋሼ። በረንዳው ላይ ግን ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።